ቲዮልን በየትኛው ዘዴ እንለካ? የአንቲኦክሲዳንት መለኪያዎች ንጽጽር ለሰሜን ሸዋ ላብራቶሪዎች

የአንቲኦክሲዳንት ሥራ ሲነሳ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠራው ዲፒፒኤች የተባለው ዘዴ ነው። ርካሽ ነው፤ ሐምራዊው ቀለም ሲደበዝዝ በዓይን ይታያል፤ ለማስተማርም ይመቻል። ለቅጠላ ቅጠልና ለሻይ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ጥያቄው ስለ ቲዮል ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ቲዮል የምንላቸው ድኝና ሃይድሮጂን በአንድነት የያዘ ጫፍ ያላቸውን ውህዶች ነው፦ ሲስቴይን፣ ግሉታታዮን፣ ኤን-አሴቲል ሲስቴይን፣ ለደም ግፊት የሚታዘዘው ካፕቶፕሪል ሳይቀር። አንዱ ዘዴ «ጎበዝ ነው» ያለውን ግሉታታዮን ሌላው «የለም» ሊለው ይችላል። ሁለቱም መሣሪያዎች ደህና ናቸው፤ የተለያየው የጠየቁት ጥያቄ ነው።

የኬሚካል ግዢ በዓመት አንዴ በሚጸድቅበት ቤት ዘዴ መምረጥ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ዝርዝሩ ከተፈረመ በኋላ «ለካስ ይሄ ለቲዮል አይሆንም» ማለት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የተዘጋጀው በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ላሉ መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ነጭ ሽንኩርት አድርቀው ወይም ፈጭተው ለሚሸጡና ምርታቸውን ማስለካት ለሚፈልጉ ነው። የየትኛው ኩባንያ ኬሚካል ይሻላል የሚለው እዚህ የለም።

አስቀድሞ መስፈርቱ

የመጀመሪያው ጥያቄ በኩቬቱ (ናሙናው በሚነበብበት ትንሽ ዕቃ) ውስጥ በእርግጥ ራዲካል፣ ማለትም ጥንድ ያላገኘ ኤሌክትሮን የያዘ ሞለኪውል፣ አለ ወይ የሚለው ነው። አንዳንዶቹ ታዋቂ ዘዴዎች ራዲካል የሚባል ነገር የላቸውም፤ የሚለኩት ናሙናው ለብረት ወይም ለመዳብ ኤሌክትሮን መስጠቱን ነው። ይህ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ግን «ነፃ ራዲካል አጠፋ» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም።

ሁለተኛው ፒኤች ነው። ለቲዮል ከሁሉም የሚበልጠው መስፈርት ይሄ ይመስለኛል። ቲዮል ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚሰጠው ፕሮቶኑን ጥሎ ቲዮሌት ሲሆን ነው። የሲስቴይን ቲዮል ፒኬኤ (ግማሹ ፕሮቶኑን የጣለበት ፒኤች) 8.3 አካባቢ ነው፤ የግሉታታዮን ወደ 9 የተጠጋ፤ የኤን-አሴቲል ሲስቴይን ደግሞ 9.5 ገደማ። በፒኤች 7.4 ከሲስቴይን 11 በመቶ ያህሉ በቲዮሌት መልክ ይገኛል። ፒኤቹን ወደ 3.6 ካወረድነው ከ50,000 ሞለኪውል አንዱ ብቻ ይቀራል። ፖሊፌኖል (የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንት) ብቻ ሲለካ የኖረ ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ ቲዮል ላይ ግን ውጤቱን ሙሉ በሙሉ የሚገለብጠው እሱ ነው።

ሦስተኛው የሚፈለገው ፍጥነት ነው ወይስ መጠን የሚለው ነው። ቀስ ብሎ ብዙ ራዲካል የሚያጠፋና ወዲያው ጥቂት የሚያጠፋ ውህድ በ30ኛው ደቂቃ ንባብ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። ሰውነት ውስጥ ግን ቀድሞ የደረሰው ነው የሚያድነው።

አራተኛው የኛው አገር ጉዳይ ነው፦ ሙቀት። መመሪያዎች ሁሉ «በክፍል ሙቀት 30 ደቂቃ» ይላሉ፤ የጸሐፊዎቹ ክፍል 25 ዲግሪ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ማሞቂያ የሌለው ላብራቶሪ 25 ዲግሪን በሩቁ ነው የሚያውቀው። ሸዋ ሮቢት ወርደው ያንኑ ሥራ ቢሠሩት ደግሞ ክፍሉ ከ25 ሊያልፍ ይችላል። ብዙ የኬሚካል ለውጦች በየ10 ዲግሪው ፍጥነታቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ዝግተኛ በሆነው የቲዮልና የዲፒፒኤች ግንኙነት ላይ ይህ ልዩነት ከናሙናዎቹ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የውኃ ገንዳ ማሞቂያ ከሌለ ቢያንስ ቴርሞሜትር ጠረጴዛው ላይ ይኑር፤ ዲግሪውም ከውጤቱ ጋር ይጻፍ። እግረ መንገዴን፦ እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። «በፈላ ውኃ የተዘፈዘፈ» የሚል መግለጫ አዲስ አበባም ሆነ ሸዋ ሮቢት ያለ አንባቢ ዘንድ ሌላ ሙቀት ነው።

መብራትና መሣሪያ የመጨረሻዎቹ መስፈርቶች ናቸው። በሚታይ ብርሃን የሚያነብ ስፔክትሮፎቶሜትር ብቻ ያለው ቤት እና የፍሎረሰንስ ማንበቢያ ያለው ቤት አንድ ዝርዝር ሊያዩ አይችሉም።

ዲፒፒኤች

እ.ኤ.አ. በ1958 ብሎይስ ይህን ዘዴ ሲያስተዋውቅ ለምሳሌነት የተጠቀመው ራሱ ሲስቴይንን ነበር። ስለዚህ «ዲፒፒኤች ቲዮልን ጨርሶ አያይም» የሚለው ልክ አይደለም። ያያል፤ ችግሩ የሚያይበት ሁኔታ ነው። ዲፒፒኤች የሚሟማው በአልኮል ነው፤ ግሉታታዮን ደግሞ ውኃ ወዳድ ነው፣ በአልኮል እምብዛም አይሟማም። ሁለቱን ለማስታረቅ ውኃና ኤታኖል ይቀላቀላል፤ ውኃው ከግማሽ እያለፈ ሲሄድ ግን ዲፒፒኤቹ መጓጎል ይጀምርና ንባቡ ይዛባል። ከዚህ ሌላ ራዲካሉ የተቀመጠበት ናይትሮጅን በትልልቅ ቀለበቶች የተከበበ ስለሆነ ግዙፍ ሞለኪውል በቀላሉ አይደርስበትም። አነስተኛው ሲስቴይን ሲገባ፣ ሦስት አሚኖ አሲድ ያለው ግሉታታዮን ይዘገያል፤ ፕሮቲን ላይ ያለ ቲዮል ደግሞ ደጅ ይቀራል።

ወጪው በእርግጥ ትንሽ ነው። 0.1 ሚሊሞላር የሆነ 100 ሚሊ ሊትር ሙሙት ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው 3.9 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ በ517 ናኖሜትር 1.1 ወይም 1.2 አካባቢ ያነባል። 3.9 ሚሊ ግራም በትክክል የሚመዝን ሚዛን መኖሩን ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። ሌላው እክል ቀለም ነው። የሸዋ ሮቢት ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ያለው አንቶሲያኒን በ520 ናኖሜትር አካባቢ ራሱ ብርሃን ይመጥጣል፤ ዲፒፒኤች የሌለበት የናሙና ብላንክ ካልተቀነሰ አንቲኦክሲዳንቱ ከእውነቱ አንሶ ይታያል።

ኤቢቲኤስ

ለቲዮል ከርካሾቹ የምመርጠው ይሄን ነው። 7 ሚሊሞላር ኤቢቲኤስ እና 2.45 ሚሊሞላር ፖታሲየም ፐርሰልፌት ይቀላቀልና ጨለማ ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይቆያል። ማታ ቀላቅሎ፣ በፎይል ጠቅልሎ፣ እንደ እንጀራ ሊጥ ማሳደር ነው። ሌሊት መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። ጠዋት ሰማያዊ አረንጓዴ ራዲካል ሆኖ ይገኛል፤ በ734 ናኖሜትር 0.70 እስኪያነብ በበፈር (ፒኤችን በሚያጸና ሙሙት) ይቀጥናል። አሁን የሚሠራበት ይህ አዘገጃጀት እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ነው።

ሂሳቡ ለግዢ ኮሚቴ ደስ የሚል ነው። 10 ሚሊ ሊትር ስቶክ (ገና ያልቀጠነ ሙሙት) ለማዘጋጀት ወደ 38 ሚሊ ግራም ኤቢቲኤስ በቂ ነው። ያ ስቶክ ከ100 እጥፍ በላይ ስለሚቀጥን ወደ 1 ሊትር የሥራ ሙሙት ይሰጣል፤ በ3 ሚሊ ሊትር ኩቬት ከ300 ያላነሰ ንባብ ማለት ነው። ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ስቶኩ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል።

ለቲዮል የሚጠቅመው ውኃ ውስጥ፣ በፒኤች 7.4 መሥራት መቻሉ ነው። 734 ናኖሜትርም ከአብዛኛው የዕፅዋት ቀለም የራቀ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፦ ቲዮል ከኤቢቲኤስ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ፈጥኖ ይሄድና ከዚያ ቀስ እያለ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። ሁለት ቲዮሎች ተጋብተው ዳይሰልፋይድ ሆነው ቢቆሙ እያንዳንዱ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው የሚሰጠው። መለኪያ የሆነው ትሮሎክስ ሁለት ስለሚሰጥ የቲዮሉ ዋጋ 0.5 አካባቢ መሆን ነበረበት። ንባቡ ከ0.5 እጅግ አልፎ ከሄደ ድኙ ከዳይሰልፋይድ አልፎ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ግን እንዲህ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በ6ኛው ደቂቃ ብቻ አንብቦ መተው አይበቃም። በ1፣ በ6፣ በ15 እና በ30 ደቂቃ አንብቦ መስመሩን መሣል ነው።

ፍራፕ

አጭር ነው፦ ለቲዮል አይግዙት። የሚሠራው በፒኤች 3.6 ነው፤ ከላይ ያልነው ከ50,000 አንዱ የሚቀርበት ቦታ። ግሉታታዮን በፍራፕ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ራዲካልም የለውም፤ የሚለካው ለብረት ኤሌክትሮን መስጠትን ነው። የደም ፕላዝማ ላይ ሲሠራ የሚያነበው በአብዛኛው ዩሪክ አሲድን ነው። ለሌላ ሥራ ጥሩ ዘዴ ነው፣ በ4 ደቂቃም ያልቃል፤ ይሁንና «ፍራፑ ዝቅ ስላለ ቲዮሉ ደካማ ነው» የሚል መደምደሚያ ከየትም ቢመጣ መቀበል የለብንም።

ኩፕራክ

ኢስታንቡል ላይ ሬሻት አፓክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ዘዴ ነው። መዳብ ከኒዮኩፕሮይን ጋር ሆኖ ኤሌክትሮን ሲቀበል ቢጫ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ በ450 ናኖሜትር ይነበባል። በፈሩ አሞኒየም አሴቴት ነው፣ ፒኤቹ 7። ይህ ገለልተኛ ፒኤች ነው ለቲዮል የሚያበቃው፤ ፍራፕ ያላየውን ግሉታታዮን ኩፕራክ ያየዋል። ሙሙቶቹ ሲቀመጡ አይበላሹም፤ ራዲካል ማሳደር የለም፤ ብርሃን አያስፈራም። የሚወደደው ኒዮኩፕሮይኑ ነው፣ እሱም በጥቂቱ ይበቃል።

ራዲካል ስለሌለው ብቻውን ለ«ራዲካል ማጥፋት» ማስረጃ አይሆንም። ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። በርበሬ ያለበት ናሙና በ450 ናኖሜትር ራሱ ቀለም አለው፣ ብላንኩ አይረሳ። ኢዲቲኤ የገባበት ናሙና ደግሞ መዳቡን ይዞበት ውጤቱን ያጠፋዋል፤ ይህን ያነሳሁት ቲዮል እንዳይበላሽ ኢዲቲኤ መጨመር የተለመደ ስለሆነ ነው።

ኤልማን፣ ሁሉም ቤት ሊኖር የሚገባው

የኤልማን ፈተና ራዲካል አይለካም፤ ቲዮል ይቆጥራል። ኬሚካሉ ዲቲኤንቢ ነው፣ ፒኤቹ 8፣ ቢጫው ቀለም ወዲያው ይወጣል፣ በ412 ናኖሜትር ይነበባል። ከኤልማን የ1959 ጽሑፍ ጀምሮ 13,600 የሚለው የሞላር አብዞርባንስ ቁጥር ሲሠራበት ቆይቶ ኋላ 14,150 ሆኖ ተስተካክሏል፤ የትኛውን እንደተጠቀሙ ይጻፉ።

ለምሳሌ 0.1 ሚሊ ሊትር ናሙና በድምሩ 3 ሚሊ ሊትር ኩቬት ውስጥ ገብቶ፣ ብላንኩ ከተቀነሰ በኋላ 0.354 አነበበ እንበል። 0.354 ለ14,150 ሲካፈል 25 ማይክሮሞላር ይሆናል፤ በ30 እጥፉ ሲባዛ ናሙናው ውስጥ 0.75 ሚሊሞላር ቲዮል አለ ማለት ነው። ይህ ቁጥር በእጅ ሳይኖር «የቲዮል አንቲኦክሲዳንት ኃይል» ማለት የት እንደሚቆም አይታወቅም፤ ኃይሉን በቲዮል ቁጥር ማካፈል የሚቻለው ሲኖር ነውና።

ከኤልማን ጎን ኤን-ኢቲል ማሌይሚድ መግዛት ብልህነት ነው። ይህ ኬሚካል በገለልተኛ ፒኤች የቲዮልን ጫፍ ይዘጋል። ናሙናውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን መዝጋት፣ ሌላውን መተው፣ ከዚያ ሁለቱንም በኤቢቲኤስ ማንበብ ነው፤ ልዩነታቸው የቲዮሉ ድርሻ ነው። ፖሊፌኖል፣ ቫይታሚን ሲ እና ቲዮል በተቀላቀሉበት የዕፅዋት ጭማቂ ላይ በርካሽ የሚገኝ መለያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ነጭ ሽንኩርት ላይ ይህ መለያ የበለጠ ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት ድኝ ስለበዛበት በቲዮል የተሞላ ይመስላል፤ ዋና ዋናዎቹ የድኝ ውህዶቹ ግን ነፃ የቲዮል ጫፍ የላቸውም። አሊን የለውም። ጥሬው ሲደቆስ አሊኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ከአሊን የሚሠራው አሊሲንም የለውም። ይልቁንም አንድ አሊሲን ሁለት ግሉታታዮን ይበላል። እናም ጥሬውን ደቁሶ ያቆየ ሰው የኤልማን ንባቡ ሲወርድ ቢያይ አይገረም። ነፃ ቲዮሉን ማየት የፈለገ ጭንቅላቱን ሳይደቁስ አስቀድሞ በሙቀት ኢንዛይሙን ያቁም። ሁለቱን አዘገጃጀት ጎን ለጎን ማቅረብ ደግሞ ራሱን የቻለ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል።

ኦራክ እና ውድ ዘመዶቹ

ኦራክ በ37 ዲግሪ፣ በፒኤች 7.4፣ ፐሮክሲል ራዲካል እያመነጨ የፍሎረሰሲን ብርሃን ሲጠፋ በየደቂቃው ይከታተላል። ከሰውነት ራዲካሎች ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው። የፍሎረሰንስ ማንበቢያ ይፈልጋል፤ ሥራው አንድ ሰዓት ያልፋል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የኦራክ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አንስቶታል፤ ቁጥሮቹ ከጤና ጥቅም ጋር ሳይያያዙ ለማስታወቂያ ይውሉ ነበርና። ነጭ ሽንኩርት ዱቄት የሚያሽጉ ወገኖች ማሸጊያ ላይ የኦራክ ቁጥር ለመጻፍ ብለው ገንዘብ እንዳያወጡ እመክራለሁ።

ኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ ራዲካሉን ራሱን ያሳያል፤ ቲዮሉ ሃይድሮጂኑን ሰጥቶ የሚቀረውን ታይይል ራዲካል ጭምር። ፐልስ ራዲዮሊሲስ ደግሞ ኤሌክትሮን ማፋጠኛ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሁለቱም የውጭ ትብብር ጉዳዮች ናቸው። ከእነሱ የተገኘ አንድ ዕውቀት ግን ለሁላችንም ይጠቅማል፦ ሃይድሮክሲል ራዲካል ከግሉታታዮንም፣ ከሲስቴይንም፣ ካገኘው ከአብዛኛው ሞለኪውል ጋር የሚጋጨው በሴኮንድ በሞላር ወደ 10 ቢሊዮን በሚጠጋ ፍጥነት ነው፤ ሞለኪውሎች ውኃ ውስጥ ተጉዘው ከመገናኘት በላይ ሊፈጥኑ አይችሉምና። ስለዚህ «ሃይድሮክሲልን በማጥፋት ይህ ውህድ ከዚያ ይበልጣል» የሚል ንጽጽር እምብዛም ትርጉም የለውም። ሃይድሮክሲሉ በብረትና በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ከተሠራማ ቲዮሉ ብረቱን መልሶ እያነቃ ተጨማሪ ራዲካል ያስወልዳል፤ አዳኙ አጥፊ ሆኖ ይመዘገባል።

ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ

| ዘዴ | ራዲካል አለው? | ፒኤች ወይም አሟሚ | ንባብ በናኖሜትር | ለቲዮል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዲፒፒኤች | አዎ፣ ሰው ሠራሽ | አልኮል | 517 | ለትንንሾቹ ብቻ፣ ዝግተኛ | ዝቅተኛ |
| ኤቢቲኤስ | አዎ፣ ሰው ሠራሽ | ውኃ፣ 7.4 | 734 | ጥሩ፣ ጊዜው ከተመዘገበ | ዝቅተኛ |
| ፍራፕ | የለውም | 3.6 | 593 | አይሆንም | ዝቅተኛ |
| ኩፕራክ | የለውም | 7 | 450 | ጥሩ | መካከለኛ |
| ኤልማን | የለውም፣ ቆጠራ ነው | 8 | 412 | ግዴታ | ዝቅተኛ |
| ኦራክ | አዎ፣ ፐሮክሲል | 7.4፣ 37 ዲግሪ | ፍሎረሰንስ | ጥሩ | ከፍተኛ |
| ስፒን ሬዞናንስ | አዎ፣ ራሱን ያሳያል | እንደ ሥራው | የለም | እጅግ ጥሩ | በትብብር ብቻ |

ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮጀክት፣ አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ብቻ ላለው ቤት፦ ኤልማንና ኤቢቲኤስ፣ ከኤን-ኢቲል ማሌይሚድ ጋር። ከትሮሎክስ ጎን ሲስቴይንን እንደ ስታንዳርድ ማስገባት አይርሱ፤ ርካሽ ነው፣ ለንጽጽርም የሚቀርበው እሱ ነው። የቲዮል ሙሙት በዕለቱ ይዘጋጅ፤ አየርና ጥቂት የመዳብ ርዝራዥ ብቻቸውን ያበላሹታል። ለ100 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊሞላር ግሉታታዮን 30.7 ሚሊ ግራም ነው፤ ትንሽ ስለሆነ በየቀኑ መሥራት አይከብድም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ኩፕራክ ይጨመር። ኤቢቲኤስና ኩፕራክ ተስማምተው ቢገኙ ለመከራከር ይመቻል፤ ቢለያዩ ደግሞ ምክንያቱን መፈለግ ከተስማማው ውጤት ይልቅ የሚያስተምር ምዕራፍ ይሆናል።

በአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አካባቢ የደም ፕላዝማ ይዘው ለሚሠሩ፦ ፕላዝማ ውስጥ ያለው ቲዮል አብዛኛው አልቡሚን በተባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ዲፒፒኤች አይመከርም፤ አልኮሉ ፕሮቲኑን ያረጋዋል። ፍራፕም ዩሪክ አሲድ ያነባል። ኤልማን ይቅደም፤ ቀይ ሕዋስ የፈረሰበት ናሙና በ412 ናኖሜትር ስለሚያታልል ይጣል።

ነጭ ሽንኩርት ለሚያደርቁና ለሚያሽጉ ጥያቄው «ምን ያህል ኃይለኛ ነው» ሳይሆን «ስናደርቀው ምን ያህል ጠፋ» ነው። ከማድረቁ በፊትና በኋላ፣ በደረቅ ክብደት ተሰልቶ፣ ኤልማንና ኤቢቲኤስ ይበቃቸዋል። ሌላ ነገር ሊሸጥላቸው የመጣ አማካሪ ካለ የትኛው ፒኤች ላይ እንደሚለካ ይጠይቁት።

ንጹሕ ውህዶችን በፍጥነት ማወዳደር ለሚፈልጉ የ30 ደቂቃ ንባብ አይረዳም። በሴኮንድ የሚከታተል ስፔክትሮፎቶሜትርና ሙቀት የሚይዝ የኩቬት ማስቀመጫ ከሌለ ኬሚካል ከመግዛት በፊት መሣሪያው ያለበትን ቤት መፈለግ ይሻላል።

መደርደሪያው ላይ ቀድሞ የተገዛ ዲፒፒኤች ካለስ? አይጣልም። ግማሽ ኤታኖል፣ ግማሽ በፈር አድርጎ፣ በ5፣ በ30 እና በ60 ደቂቃ አንብቦ፣ የክፍሉን ዲግሪ ጽፎ፣ ሲስቴይንን እንደ ስታንዳርድ አስገብቶ መጠቀም ይቻላል። ግሉታታዮን በ60ኛው ደቂቃም ገና እየወረደ ከሆነ የመጨረሻ ቁጥር አይስጡት፤ መስመሩን እንዳለ ያትሙት።